የሚጎተተውም የራሱ ፍሬን ይኑረው

በዚህ ወር ልናጫውታችሁ የወደድነው ነገር ከላይ ሲያዩት የጋራዥ ወሬ ይመስላል። ነገር ግን ውስጡ ሲመረመር የአባት አደራ፣ የእናት እንባ፣ የልጅም ሕይወት ያለበት ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው በዚህ ዓምድ ለማቅረብ አላፈርንም። መኪና የሌለው አንባቢም ቢሆን ገጹን ገልብጦ እንዳያልፍ እንለምነዋለን፤ ሸክም የማይጎትት ቤት የለምና።

እኛ በምንኖርበት በፉሪ፣ ከተራራው ፊት ለፊት፣ አንድ ወጣት ጎረቤት አለን። በሙያው መድኃኒት ቀማሚ ሲሆን፣ ሥራው ወደ ደሴ ስለ ተዛወረ ቤተሰቡን ይዞ ለመሄድ ተሰናድቶ ነበር። ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሁለት ሕፃናት አሉት፤ አባቱ ካረፉ ወዲህም የአሥራ አምስት ዓመት ታናሽ ወንድሙን የሚያሳድገው እርሱ ነው። የሚነዳት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ አለችው። ከእርሷም ሌላ አባቱ በሕይወት ዘመናቸው ሲያሽከረክሯት የኖሩት አንዲት ቮልስዋገን በግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሞተሯ ከተኛ አራት ዓመት አልፎታል፤ ጎማዋና መሪዋ ግን ደኅና ነው ይላል። ሊሸጣት ባሰበ ጊዜ እናቱ አልቅሰው፣ «ይህችን ከሸጥህ አባትህን ሁለተኛ ጊዜ ቀበርኸው ማለት ነው» ስላሉት፣ ይዟት ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ አልታየውም ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤታችን መጥቶ፣ «መምህር፣ ምክርዎን ፈልጌ ነው» አለን። ሐሳቡም ይህ ነበር። ቮልስዋገኗን ከኮሮላዋ ኋላ በካቦ አስሮ፣ ታናሽ ወንድሙን ከኋለኛይቱ መሪ ላይ አስቀምጦ፣ ከተማው ሳይነቃ ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ተነሥቶ፣ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና በኩል አድርጎ በዚያው ቀን ደሴ ሊገባ ነው። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለቤቱና ሕፃናቱ ከፊተኛይቱ መኪና ይቀመጣሉ፤ የቤቱም ዕቃ በሁለቱ ይከፈላል። «በጭነት መኪና ላስጭናት ብል የጠየቁኝ ዋጋ ከአንድ ወር ደመወዜ ይበልጣል። ካቦውን ግን ከጓደኛዬ በነፃ አገኘሁት። ሁለቱንም ጠበል አስረጭቼ ነው የምነሣው፤ ምን ይመስልዎታል?» ሲል ጠየቀን።

መልሱን ወዲያው አልሰጠነውም። እኛ ራሳችን ከዓመታት በፊት ከሚጎተት መኪና መሪ ላይ ተቀምጠን እናውቃለንና። ያን ጊዜ ከሰበታ ስንመለስ የያዝናት መኪና ሞተሯ ጠፋብንና፣ አንድ መንገደኛ አዝኖልን በገመድ አስሮ እስከ ፉሪ ሊያደርሰን ተነሣ። መንገዱ በዓለም ገና በኩል ሜዳ የሚባል ነው፤ ርቀቱም ሃያ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እንደ ተነሣን መሪው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደን። የፍሬኑም ፔዳል ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ደርቆ፣ በሁለት እግር ቢገፉት እንኳ እምብዛም የሚይዝ አልሆነም። ምክንያቱ ኋላ ገባን። በዛሬዎቹ መኪናዎች መሪውንና ፍሬኑን የሚያግዘው ኀይል የሚመጣው ከሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ ሲተኛ እርዳታውም አብሮ ይተኛል። ዓለም ገናን አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን አንዲት ላም መንገድ ስትሻገር ፊተኛው ቆመ፤ እኛ ግን አልቆምንም። ገመዱ ላላ፤ የእኛ መኪና ኮፈንም ከፊተኛው ፓራውልት ጋር ተላተመ። ላሟ በሰላም ሄደች፤ ሰውም አልተጎዳ። ነገር ግን ከጎናችን ተቀምጦ የነበረው ልጃችን ሦስት ሌሊት እየባነነ ይነሣ ነበር።

ይህን ለጎረቤታችን ከነገርነው በኋላ ወረቀትና እርሳስ አምጥተን ነገሩን አብረን መመርመር ጀመርን።

በመጀመሪያ የገመዱን ነገር አነሣን። ገመድ ይስባል እንጂ አያቆምም። ስለዚህ በካቦ የምትጎተት መኪና ማቆሚያዋ ከኋላ የተቀመጠው ሰው እግር ብቻ ነው። ያ ሰው በሜዳው ገመዱ እንዳይላላ፣ በቁልቁለቱም ፊተኛይቱን እንዳይወጋ፣ ያለ ዕረፍት ፍሬን ሲለካ መዋል አለበት። ፊተኛይቱ መኪና እይታውን ስለምትከልልበት የመንገዱን ጉድጓድና የመንገደኛውን መሻገር የሚያየው ዘግይቶ ነው። ይህን ሥራ 400 ኪሎ ሜትር ሙሉ እንዲሠራ የታጨው መንጃ ፈቃድ የሌለው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። በርግጥ የአሮጌዋ ቮልስዋገን መሪና ፍሬን የሞተር እርዳታ የማይሹ በመሆናቸው በዚህ በኩል እኛ ከያዝናት መኪና ትሻላለች። ነገር ግን አራት ዓመት የቆመ ፍሬን የሚታመን አይደለም። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ይኖራል፤ ውሃ የገባበት ዘይትም ፍሬኑ ሲግል ይፈላል። እንፋሎት በሆነ ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም።

ጎረቤታችን ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያስ ልጁን ከእኛ ጋር ላስቀምጠውና፣ መኪናዋን በሦስት ማዕዘን በተበየደ ብረት ከኋላዬ ላስራት» አለን። ይህ ከፊተኛው አሳብ ይሻላል፤ ብረት እንደ ገመድ አይላላምና፣ ከኋላም ሰው አይጠይቅም። ነገር ግን ችግሩ ከልጁ እግር ተነሥቶ ወደ ኮሮላዋ ፍሬን ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። የምትጎተተው የምትያዝበት የራሷ ፍሬን ስለሌላት የሁለቱም ክብደት በአንዲቱ ላይ ይወድቃል።

ሒሳቡን እንዲህ አድርገን ሠራነው። ቮልስዋገን 800 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች። ኮሮላዋ ከሰዎቹና ከዕቃው ጋር 1,250 ኪሎ ግራም ትሁን ብንል ድምሩ 2,050 ይሆናል። በጣርማ በር ያለው፣ ጣልያኖች በወረራው ዘመን የሠሩትና 587 ሜትር የሚረዝመው ዋሻ የሚገኘው ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ወርደው የሚያገኙት ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ 1,800 ሜትር ያህል መውረድ አለ ማለት ነው። ይህን የሚያህል ክብደት ይህን የሚያህል ከፍታ ሲወርድ የሚገኘው ኀይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ 115 ሊትር ውሃ ከ25 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። ኮሮላዋ ብቻዋን ብትወርድ ግን 70 ሊትር ያህል ነው። ከዚህ ሙቀት ከፊሉን በዝቅተኛ ማርሽ የሚያዘው ሞተር፣ ከፊሉንም ነፋሱና ጎማው እንደሚወስዱት የታወቀ ነው። የተረፈው ሁሉ ግን አንዲት ትንሽ የቤት አውቶሞቢል ለማቆም በተሠሩ አሮጌ ፍሬኖች ላይ ያርፋል። ነጂው ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ የወረደ እንደ ሆነማ ሞተሩም እርዳታውን ይነሣዋል።

አቀበቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የተለመደው ቤንዚን ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ኀይል ሩብ ያህሉን ያጣል። ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ሲደርስ ደግሞ፣ ቀኑን ሙሉ የእጥፍ ያህል ሸክም ሲስብ የዋለ ፍሪሲዮን መሽተት ይጀምራል። ፍሪሲዮኑ የተቃጠለ እንደ ሆነ ነፍሰ ጡሯ እናትና ሕፃናቱ በጨለማ ከዳገት መካከል ይቀራሉ።

ይህን ስንነጋገር ከለቡ በኩል የባቡሩ ጡሩምባ ተሰማ። የፉሪ ለቡ ጣቢያ ለሰፈራችን ቅርብ ነው፤ ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ድምፁን ለምደነዋል። «ያንን ባቡር ተመልከት» አልነው። «ብዙ ፉርጎ ይጎትታል፤ ነገር ግን ሁሉንም በራሱ ፍሬን ብቻ አያቆማቸውም።» አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሀውስ እ.ኤ.አ. በ1869 የነፋስ ፍሬንን ሲያወጣ፣ ከፊተኛው ሞተር እስከ ኋለኛው ፉርጎ በቧንቧ አገናኝቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲይዙ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1872 ደግሞ አሻሽሎት፣ ቧንቧው ቢበጠስ እያንዳንዱ ፉርጎ በራሱ ፍሬን እንዲይዝ አደረገው። ከዚያ በፊት የተበጠሰ ፉርጎ ቁልቁለቱን ይዞ ይጠፋ ነበር። ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልሱት ባለ ተሳቢ ከባድ መኪናዎችም በዚሁ ጥበብ ይሠራሉ። እንግዲህ ጥበበኞች ከብዙ ጥፋት በኋላ የደረሱበት ሕግ አጭር ነው፤ የሚጎትተው ብቻ ሳይሆን የሚጎተተውም የራሱ ፍሬን ይኑረው።

ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ የሴባስቶፖልን ታሪክ ሊዘነጋ አይገባውም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በ1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጉዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። አስቀድሞ መንገዱ ተጠረገ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። የጅዳንና የበሽሎን ገደል ሲሻገር በብዙ መቶ የሚቆጠር ሰው ተሠልፎበታል። የሰው ብዛት ያስፈለገው ዳገቱን ለመሳብ ብቻ አልነበረም፤ በቁልቁለቱ ያ ሁሉ ብረት ከፊቱ ያለውን እንዳይጨፈልቅ መያዝም ነበረበትና። በቍጣቸው የታወቁት ንጉሥ፣ የእንግሊዝ ጦር ወደ አገራቸው እየገሠገሠ ሳለ እንኳ፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ አልቸኮሉም። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲዛወሩ ሁለተኛ መኪናቸውን ይጎትቱ የለም ወይ የሚል አይጠፋም። አዎን፣ ይጎትታሉ። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚጎትቱት ዕቃቸውን በጫኑበት ትልቅ የጭነት መኪና ነው። የምትጎተተው ለዚሁ በተሠራ ጋሪ ላይ ትወጣለች፤ ወይም የፊት እግሮቿ ተነሥተው ይታሰራሉ። መብራት ይቀጠልላታል፤ ዋናው ማያያዣ ቢለቅ የሚይዝ ሰንሰለትም ይደረግላታል። ከሁሉም በላይ ጎታቹ ከተጎታቹ የከበደ እንዲሆን ይጠነቀቃሉ። ሙሴም በኦሪት ዘዳግም በሬና አህያን በአንድ ቀንበር ጠምዶ ማረስን የከለከለው በከንቱ አይደለም። ጉልበታቸው ያልተመጣጠነ ሁለት ፍጥረታት አንድ ላይ ሲጠመዱ ደካማው ይጎዳል፤ ብርቱውም አይጠቀምም።

ስለ ጠበሉም ያልነውን ሳንሸሽግ እንነግራችኋለን። ሰው መንገድ ሲነሣ ጸሎት ማስደረጉ፣ ጠበልም ማስረጨቱ መልካም የአባቶች ሥርዓት ነው፤ እኛም እናደርገዋለን። ነገር ግን ጌታችን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ፣ መላእክት እንደሚጠብቁት እያወቀ፣ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መልሷል። በጣርማ በር ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ፍሬን በሌላት መኪና እየተገፋ፣ «እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» ማለት ከዚያ ፈተና በምን ይለያል? ጠበሉን በተጠገነ ፍሬን ላይ እናስረጭ።

በዚያው ምሽት ወደ ቤታቸው ሄድን። እናቱ ቡና አፍልተው ቆዩን። ጎረቤታችን ሒሳቡን ለቤተሰቡ ደግሞ ከነገራቸው በኋላ፣ «የሆነው ሆኖ ቀስ ብዬ ብነዳ እደርሳለሁ። ብረቱን ለማስበየድ ጊዜ የለኝም፤ በካቦው እንሄዳለን» ማለት ጀመረ። እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ የነበረችው ባለቤቱ፣ «እኔ የፍሬኑን ሒሳብ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አለች። «ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ፈራሁ ብሎ ቢጮኽ፣ እኛ ከፊት ሆነን እንሰማዋለን?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆየና፣ «ድሮም እፈራ ነበር። ወንድሜን አላስቸግር ብዬ ነው ዝም ያልሁት» አለ። እናቱም የያዙትን ስኒ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ አባትህ ሲሞት እጅህን ይዞ አደራ ያለህ ይህን ልጅ ነው። ብረቱን አደራ ያልሁህ እኔ ነኝ፤ እኔም ትቼዋለሁ» ብለው አለቀሱ። ጎረቤታችን ብዙ ጊዜ ቃል አልወጣውም። ከዚያ ተነሥቶ የወንድሙን ራስ ስሞ ተቀመጠ።

እነሆ፣ የዚህ ዓምድ ነገር እዚህ ላይ ነው። በብዙዎች ቤት አንድ ብርቱ ሰው ሁሉን ይጎትታል፤ መጎተቱም ምስጋና የሚገባው ነው። ነገር ግን በኋላው ያለው ልጅ፣ ሚስት ወይም አሮጊት እናት «ቀስ በል» ወይም «ቁም» የሚሉበት ቃል ከሌላቸው፣ ያ ቤት በካቦ እንደ ታሰረ መኪና ነው። በሜዳው ደኅና ይሄዳል፤ በቁልቁለቱ ግን እርስ በርሱ ይላተማል። በቤት ውስጥ የሚጎተተው ፍሬኑ ቃሉ ነው።

የመኪናዋም ነገር በደኅና አለቀ። ላፍቶ ካለው የአትክልት ገበያ ሰው ጠይቀን፣ ከቆቦ ሽንኩርት ጭኖ መጥቶ ካራገፈ በኋላ ባዶውን የሚመለስ አንድ ኢሱዙ ኤፍ.ኤስ.አር. ተገኘ። ቆቦ የሚሄድ መኪና ደሴን አልፎ ነውና፣ ባዶውን ከመመለስ ብሎ በፊት ከተጠየቀው ዋጋ በእጅጉ ባነሰ ተስማማ። ኢሱዙውን የኋላ በሩን ከፍተን ከአንድ የአፈር ድልዳል ጋር አስጠግተን፣ የሰፈሩ ወጣቶች ቮልስዋገኗን ገፍተው ከላዩ አወጧት። ጎማዎቿ ፊትና ኋላ በግንድ ተደገፉ፤ አራቱም ማዕዘኗ በገመድ ተጠፈረ። ቤተሰቡም በማግስቱ፣ ፍሬኗ በታደሰ ኮሮላ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተነሥተው በሰላም ደሴ ገቡ። ልጁ የተቀመጠው ከወንድሙ ጎን ነበር።

መኪና በመንገድ ላይ ተበላሽቶ እስከ ቅርብ ጋራዥ መጎተት ግድ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለና፣ ይህን ጥቂት ምክር ልብ በሉልን። ከገመድ ይልቅ ብረት ይሻላል፤ ገመድ ከሆነም በመካከሉ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበት። ማሰሪያው ከፓራውልቱ ላይ ሳይሆን ለመጎተቻ ከተሠራው ቀለበት ላይ ይሁን። ከኋላ የሚቀመጠው መንጃ ፈቃድ ያለው ጐልማሳ ይሁን እንጂ ልጅ አይሁን፤ በምትጎተተውም መኪና ሌላ ሰው አይሣፈር። ቁልፉ ከነቀሉት መሪውን ስለሚቈልፍ ከቦታው አይነቀል፤ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑም ይለቀቅ። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ፣ ዘይቱን የሚያዘዋውረው ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ስለሆነ፣ ነጂ ጎማዎቹ መሬት እየነኩ መጎተት የለበትም። ከመነሣታችሁ በፊት የእጅ ምልክት ተስማሙ፤ ፍሬቻውንም አብሩ፤ በቀን፣ በዝግታ፣ ለአጭር መንገድ ብቻ ይሁን። ረጅም መንገድና ቁልቁለት ካለ ግን አስጭኑ። የመድን ድርጅታችሁንም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። ቤታችሁን ለቃችሁ ሩቅ አገር የምትሄዱ ሁሉ፣ መታጠቂያችሁን ከበር ሳትወጡ አጥብቁ። ጦብያን በመንገድ የመራው ቅዱስ ሩፋኤል እናንተንም ከፊት ይምራችሁ፤ ከኋላችሁም ያለውን ይጠብቅላችሁ። እስከሚመጣው ወር ደኅና ሰንብቱ።